500 ዋት የተጻፈበት ሣጥን

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ጩኸት ነው። ይኸውም በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጀርባ፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ ከሚሰካበት የቆርቆሮ ሣጥን የሚወጣው የፋን ጩኸት ነው። ሣጥኑን ጠጋኙም ነጋዴውም ፓወር ሰፕላይ ይሉታልና እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ከዚህ ጩኸት ጎን ተቀምጠው ይውላሉ። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ ግን ልብ የሚለው ሰው የለም። እኔም ትርጉሙን ልብ ያልሁት ዘግይቼ፣ ያውም በሰው ሥራ ላይ ጉዳት ካደረስሁ በኋላ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በምኖርበት በጦር ኃይሎች ሠፈር፣ ከአደባባዩ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ በዕድሜ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ቲቸር ይሉኛል። የሠፈሩ ሰው ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን የሚያዘጋጀው፣ የማታ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስተካክለው በእሳቸው ኮምፒዩተር ነው። ባለፈው ዓመት የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለና እትዬ፣ «ቲቸር፣ አንተ የተማርህ ልጅ ነህ፤ እስቲ አብረኸኝ ሂድና ምረጥልኝ» አሉኝ። እኔም በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የተማርሁ፣ አሁንም ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ።

ሻጩ ሁለት ሣጥን አቀረበልን። አንደኛው አዲስ ነው፤ ጎኑ ላይ በትልልቁ «500 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሁለተኛው ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ፣ ያገለገለ ነው፤ «350 ዋት» ይላል፤ ዋጋው ግን ከአዲሱ ይበልጣል። እኔም ሳላመነታ፣ «እትዬ፣ 500 ከ350 ይበልጣል፤ አዲስም ካገለገለ ይሻላል» አልሁ። ለዚህ ምክር የፊዚክስ ትምህርት አላስፈለገም፤ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ በቂ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የእኔ መልቀም የመጣው የኋላ ኋላ ነው።

ወራት ሲያልፉ ሣጥኑ መጮህ ጀመረ። ደንበኛ ሲገባ እትዬ «ምን አልህ?» እያሉ ደግመው መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ከዚያም ይልቅ የባሰ ነገር መጣ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ እንደ ልማዱ ይጮኻል፣ የኮምፒዩተሩ መስኮት እንደ በራ ይቆያል፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ግን በዚያው ቅጽበት ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። እትዬ ቢጠይቁኝ «የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል» አልኋቸው። አዲስ ባትሪ ገዙ። ምንም ለውጥ አልመጣም። አንድ ምሽት አንድ የማታ ተማሪ በማግሥቱ የሚያስረክበውን ጽሑፍ ሲያስተካክል ቆይቶ፣ ገና ሳያስቀምጠው መብራት ሄደና የሁለት ሰዓት ድካሙ ጠፋ። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እትዬ ሒሳብ ሳይቀበሉ ሸኙት፤ እኔን ግን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ዝምታቸው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያን የናቅሁትን ያገለገለ ሣጥን ከራሴ ኪስ ገዛሁ። የእትዬንም ሣጥን ለአንድ ሌሊት ተዋስሁና ሁለቱን ጎን ለጎን ልመረምራቸው ወሰንሁ።

ወደ ምርመራው ከመግባቴ በፊት ሣጥኑ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። በአገራችን ከግድግዳው ሶኬት የምናገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፤ ምልልሱም በሰከንድ 50 ነው። ኮምፒዩተር ግን የሚፈልገው ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ በቅድሚያ ተመላላሹን ባንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ 310 ቮልት ያህል ይሆናል፤ ይህም ካፓሲተር በሚባል ማጠራቀሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ቀጥሎ በሰከንድ በብዙ ዐሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ወደ አንድ ትንሽ ትራንስፎርመር ይልከዋል፤ ትራንስፎርመሩም ዝቅ ያደርገዋል። መቆራረጡ በፈጠነ መጠን ትራንስፎርመሩ ሊያንስ ስለሚችል፣ የዱሮው ዓይነት ከባድ ብረት ቀርቶ ሣጥኑ በአንድ እጅ የሚያዝ ሆነ።

ይህ አሠራር በቤት ኮምፒዩተሮች ዘንድ የታወቀበት አንዱ ምክንያት ጩኸትን መጥላት መሆኑን ስታውቁ ትገረሙ ይሆናል። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አፕል ሁለት የተባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ ስቲቭ ጆብስ ፋን የሚባል ነገር እንዳይገባበት ፈለገ። ሮድ ሆልት የተባለው መሐንዲስም በዚሁ በመቆራረጥ ዘዴ የሚሠራ፣ ሙቀቱ ትንሽ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ሠራለት። ፋን የሚያስፈልገው ሙቀት ስላለ ነው፤ ሙቀቱን የቀነሰ ሰው ፋኑንም ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ 63.5 ዋት ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች ከዚያ የበለጠ ስለሚበሉ ፋን የሌለው ሣጥን ብዙ አይገኝም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳ የተቀበለውን ሁሉ ለኮምፒዩተሩ የሚያደርስ ሣጥን የለም። መቶ ዋት ተቀብሎ 86 የሚያደርስ ከሆነ ብቃቱ 86 ከመቶ ነው እንላለን፤ የቀረው 14 ዋት እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፋኑ የሚሽከረከረው ይህን ሙቀት ለማስወጣት ነው። ስለዚህ የፋኑ ጩኸት በመንገድ ላይ የባከነው ኃይል ድምፅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ ሥራ የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ብርዳችን ይህን ጥቂት ያካክሳል፤ የበጋው አቧራ ግን የፋኑን ክንፎችና የሣጥኑን ቀዳዳዎች እየደፈነ ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ምርመራ እንሂድ። የገባውን ኃይል ለማወቅ በሶኬቱና በገመዱ መካከል የሚሰካ የዋት መለኪያ አገኘሁ። የወጣውን ለማወቅ ግን ሣጥኑን የሚያስጭነው ነገር ያስፈልጋል፤ ኮምፒዩተር የሚበላው ከደቂቃ ደቂቃ ስለሚለዋወጥ ለዚህ አይመችም። መፍትሔውን ያገኘሁት ከመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው፦ ለፊት መብራት የሚሆኑ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 55 ዋት አምፖሎች። ፓወር ሰፕላዩ ያለ ኮምፒዩተር እንዲነሣም ባለ 24 ቀዳዳ በሆነው በትልቁ መሰኪያ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘሁ።

አምፖሎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ አላበራሁም፤ አንድ በአንድ ጨመርሁ እንጂ። የቀዘቀዘ አምፖል ገና ሲበራ ከመደበኛው እስከ ዐሥር እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ቢነሡ ደኅናው ሣጥን እንኳ ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል። አምፖሎቹም እጅግ ይግላሉና ከሸክላ ሳሕን ላይ አስቀመጥኋቸው። ሙከራው ካማራችሁ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ፦ ብቻችሁን አታድርጉት፤ የቆርቆሮውንም ሣጥን ከቶ አትክፈቱ። ያ 310 ቮልት ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይና ሰው ሊገድል ይችላል።

ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጥ። ሁለት አምፖል ሲበራ ሁለቱም ሣጥኖች 107 ዋት ያህል ሰጡ። ለዚህም ባለ 500 የተባለው ከግድግዳ 148 ዋት ወሰደ፤ ያገለገለው ባለ 350 ግን 124 ዋት ብቻ። ስሌቱን እናንተም ልታረጋግጡት ትችላላችሁ፦ የመጀመሪያው ብቃት 72 ከመቶ፣ የሁለተኛው 86 ከመቶ ነው። አንዱ 41 ዋት ሲያባክን ሌላው የሚያባክነው 17 ነው። አራት አምፖል ባበራሁ ጊዜ ደግሞ ያገለገለው 11.8 ቮልት ላይ ጸንቶ ቆመ። ባለ 500ው ግን ወደ 11.2 ወረደና የመቃጠል ሽታ ሸተተኝ፤ ወዲያው አጠፋሁት። ደንቡ የሚፈቅደው ከ12 ቮልት አምስት ከመቶ ከፍና ዝቅ ማለትን፣ ማለትም እስከ 11.4 ድረስ ብቻ ነው። 500 ዋት ይሰጣል የተባለው ሣጥን ከ200 ዋት ላይ ጉልበቱ ከዳው። «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» ያለችው ድመት ከእኔ ይልቅ ዕቃ መግዛት ታውቅ ነበር።

መለኪያው ሌላም ነገር አሳየኝ። አንዳንድ ርካሽ ሣጥን ኤሌክትሪኩን የሚስበው በትንትኑ፣ በቅጽበት በቅጽበት እየጎረሰ ነው። በዚህም ምክንያት ሥራ ላይ ከሚያውለው ይልቅ ብዙ በሽቦው ውስጥ ያመላልሳል። ይህ 12 ሰው ጭኖ ሰባቱ ብቻ ሒሳብ እንደሚከፍሉበት ሚኒባስ ነው፤ መኪናው የሚሸከመው ግን 12ቱንም ነው። የቤት ቆጣሪ የከፈሉትን ሰባቱን ብቻ ይቆጥር ይሆናል፤ ዩፒኤሱና ሽቦው ግን የሁሉንም ክብደት ይሸከማሉ።

ቀጥሎ የድምፁ ተራ መጣ። ቀን በጦር ኃይሎች የፋን ድምፅ መለካት ዘበት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በምዕራብ በኩል የሚያበቃው እኛ ዘንድ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች «ቤቴል! አየር ጤና!» የሚሉትም እዚሁ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁ። ስልኬን ከሣጥኑ አንድ ሜትር አራቅሁና በላዩ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ ለካሁ። የስልክ መለኪያ እንደ ላቦራቶሪ መሣሪያ የሚታመን ባይሆንም፣ ሁለት ነገሮችን ባንድ ቦታና ባንድ ርቀት ለማነጻጸር ይበቃል።

ሁለቱም ጠፍተው ክፍሉ ራሱ 31 ዴሲቤል ነበር። ያገለገለው ሣጥን ሁለት አምፖል ተሸክሞ ሲሠራ 34 ሆነ፤ ባለ 500ው ሲሠራ 46። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም። እኩል የሆኑ ሁለት ድምፆች ሲገናኙ የሚጨመረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው። 31 የነበረው 34 ከሆነ እንግዲህ የሣጥኑ የራሱ ድምፅ ከክፍሉ ዝምታ ጋር እኩል፣ 31 ነበር ማለት ነው። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለው ልዩነት 15 ዴሲቤል ያህል ይሆናል። በድምፅ ኃይል ሲሰላ ይህ 30 እጥፍ ያህል ነው፤ ለጆሮ ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ይሰማል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባለ 500ው የሚያስወጣው ሙቀት ከእጥፍ በላይ ነው፤ ፋኑ ደግሞ ወርዱ 80 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ነው። ያገለገለው ባለ 120 ሚሊሜትር ነው። ሰፊ ፋን ዝግ ብሎ እየዞረ ብዙ አየር ይገፋል፤ ጠባቡ ያንኑ ያህል ለመግፋት መሮጥ አለበት። ለአንድ ፋን ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል እንደሚጨምር ከፋን ሕግጋት ይታወቃል። ለዚህ ነው ጥቂት ሙቀት ብዙ ጩኸት የሚያመጣው።

ግን የተማሪው ጽሑፍ ለምን ጠፋ? ከሌሊቱ ሁሉ በጣም የቆጨኝ ይህን ባወቅሁ ጊዜ ነው። ሣጥኖቹን ተራ በተራ ከዩፒኤስ ጋር አገናኘሁና የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ነቀልሁ። ባገለገለው ሣጥን ጊዜ አምፖሎቹ ከቶ ምንም አልተሰማቸውም። በባለ 500ው ጊዜ ግን ድርግም ብለው ጠፉና ተመልሰው በሩ። ባትሪው ደኅና ነበር! ተራ ዩፒኤስ ከግድግዳ ወደ ባትሪ ሲዛወር ጥቂት ሺኛ የሰከንድ ክፍልፋይ ይፈጅበታል። ያን ክፍተት መሙላት ያለበት ያ ማጠራቀሚያ ካፓሲተር ነው፤ ደንቡም 16 ሺኛ የሰከንድ ክፍልፋይ ያህል እንዲታገሥ ይጠይቃል። ባለ 500ውን የሠራው ሰው ወጪ ለመቀነስ ካፓሲተሩን አሳንሷል። የነበረውንም ትንሽ ነገር ሙቀቱ አደረቀው። የዚህ ዓይነቱ ካፓሲተር ዕድሜ በየዐሥር ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ በግማሽ ገደማ ይቀንሳልና። ስለዚህ ሣጥኑ ለወራት ሲጮህ የነበረው እየጋለ መሆኑን ሲናገር ነበር። እኔ ግን ምስክሩ እየጮኸ ባትሪውን ከሰስሁ፤ እትዬንም ሁለተኛ ጊዜ አከሰርኋቸው።

«ታዲያ ለጥቂት ዋት ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ በአንድ ኮምፒዩተር በቀን ዐሥር ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ የ24 ዋት ልዩነት ከስድስት ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም። በመብራት ሒሳብ ላይ ጎልቶ አይታይም። ነገር ግን 20 ኮምፒዩተር ያለበትን አንድ የመሥሪያ ቤት ክፍል አስቡ። ልዩነቱ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ወደ አራት ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ይህም በኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ያህል እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ነው። እንጀራው ቢበላ መልካም ነበር፤ ይህ ግን ክፍሉን ከማሞቅና ጆሮን ከማድከም በቀር ለማንም አይተርፍም።

እንግዲህ ዕቃ ለመግዛት ስትሄዱ ምን ትመለከታላችሁ? በቅድሚያ በትልልቁ የተጻፈውን ቁጥር ትታችሁ በጎኑ ባለው ሠንጠረዥ በ12 ቮልት ረድፍ ምን ያህል አምፔር እንደሚሰጥ አንብቡ። የዛሬ ኮምፒዩተር በአብዛኛው የሚበላው ከዚያ ነው። አምፔሩን በ12 ብታባዙ ዋቱ ይወጣል፤ ከትልቁ ቁጥር ጋር በጣም ከተራራቀ ተጠራጠሩ። ሁለተኛ፣ 80 ፕላስ የሚል ምልክት ፈልጉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የተጀመረ ምስክርነት ነው፤ ሣጥኑ በአቅሙ 20፣ 50 እና 100 ከመቶ ሲጫን ብቃቱ ከ80 ከመቶ እንዳያንስ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ሌሎችም ማዕረጎች አሉ፤ ወርቁ በግማሽ ጭነት 90 ከመቶ ሊያደርስ ይገባዋል። ምልክቱንም ቢሆን አስመስሎ የሚያትም አይጠፋምና ሣጥኑን በእጃችሁ መዝኑት፤ ውስጡ የተጓደለ ሣጥን ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሦስተኛ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ አሮጌ ኮምፒዩተር ከሆነ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማዞሪያ እንዳለው ተመልከቱ። 115 ላይ ሳለ በእኛ 220 ላይ ቢሰካ ሣጥኑ ፈንድቶ ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሻጩን «አብራልኝ፣ ልስማው» ማለትን አትፈሩ። የምታፍሩበት ምንም ምክንያት የለም። እኔ ያፈርሁት ሳልጠይቅ በመግዛቴ ነው።

ሰኞ ጧት ያገለገለውን ሣጥን በእትዬ ኮምፒዩተር ላይ ገጠምሁና አበራሁት። እትዬ ጥቂት ጠበቁ፤ ጆሮአቸውንም ወደ ማሽኑ አስጠጉ። «ቲቸር፣ አልተነሣም እንዴ?» አሉኝ። በመስኮቱ ላይ ጽሑፉ እየመጣ ነበር። ከዚያም አንድ ማመልከቻ ከፍቼ ጥቂት መስመር ጻፍሁና የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ነቀልሁት። ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ማመልከቻው ግን ካለበት ቦታ ንቅንቅ አላለም። እትዬ ሳቁና የሣጥኑን ዋጋ ሊከፍሉኝ ቦርሳቸውን አነሡ። የባትሪውንም ዋጋ እኔ ነበርሁ መክፈል የሚገባኝ ብዬ እምቢ አልኋቸው። የማታ ተማሪውን ግን እስካሁን መንገድ ላይ ባገኘው ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርሁም፤ ይህን ጽሑፍ ቢያነበው ይቅርታዬ ይኸው ነው።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።